ድምፅ ለምን ይዘጋል?

መርካቶ ስንሄድ አስቀድሞ የሚቀበለን ጩኸት ነው። ረዳቱ ታክሲው በር ላይ ቆሞ የሰፈር ስም ይጠራል። ልብስ ሻጩ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ዋጋ ይናገራል። ኩሊው ኩንታል ተሸክሞ «ዞር በሉ!» ይላል። ጠዋት ጥርት ያለው ድምፅ ማታ ይሻክራል፤ ሲሰነብትም ጭራሽ ይዘጋል።

አንገታችንን ከፊት ለፊት ብንዳስስ ጠንከር ያለ ጉብታ እናገኛለን። ይህ ማንቁርት ይባላል። በውስጡ ሁለት ስስ እጥፋቶች አሉ። ስንናገር ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ እንደ ክራር ክር ይርገበገባሉ፤ በወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል፣ በሴት 200 ጊዜ ያህል። ጩኸት ሲበዛባቸው ያብጣሉ። ያበጠ ነገር ደግሞ በደንብ አይገጥምም፤ አየሩ ያመልጣል፣ ድምፁ ይሻክራል። ጩኸቱ ለወራት ከቀጠለ፣ እርፍ የሚይዝ መዳፍ እንደሚጠጥር ሁሉ፣ እነሱም ላይ ትንሽ ጉጥ ይወጣል።

ጉንፋን፣ ሲጋራ፣ የማገዶ ጭስ፣ የበርበሬ ብናኝ፣ ከጨጓራ የሚመለስ ቃርም ድምፅ ይዘጋሉ።

መድኃኒቱ ውሃ እየጠጡ ዝም ማለት ነው። ማንሾካሾክ ዕረፍት አይደለም፤ እሱም ጉሮሮን ያደክማል። «ነጋዴ ዝም ካለ ምን ይበላል?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ሁለት ሦስት ቀን ጓደኛው ቢጠራለት ምናለ?

መርካቶ ከሚሠራው ሰው ብዙው ከገጠር የመጣ ነውና የአገር ቤቱን ልማድ ይዞ ይመጣል። ጉሮሮ ሲታመም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና በምላጭ ይቆረጣል፤ በተለይ ሕፃናት። እንጥል ከላንቃ ጫፍ የተንጠለጠለች ሥጋ ናት። ድምፅ የሚወጣው ግን ከእሷ በታች፣ ከማንቁርት ነው። እሷን መቁረጥ ድምፅ አይከፍትም። ደሙ አልቆም ብሎ ወይም በቆሸሸው ምላጭ መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ልጁ ሊሞት ይችላል።

ድምፅ ከ3 ሳምንት በላይ ተዘግቶ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የሳንባ ነቀርሳ ወደ ማንቁርት ሊዛመት ይችላል። ያደገ እንቅርት የድምፁን ነርቭ ሊጫን ይችላል። ሲጋራ ለብዙ ዘመን ያጨሰ ሰው ደግሞ ካንሰር ሊሆንበት ይችላል፤ ይህም ቶሎ ከታወቀ ይታከማል። ትንፋሽ ካጠረ፣ መዋጥ ካቃተ ወይም ደም ከተተፋ ግን የዚያኑ ዕለት ነው። ባቄላ ሲጫወት ቆይቶ በድንገት ድምፁ የጠፋና ትን ያለው ሕፃንም እንዲሁ፤ ፍሬው አየር ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው አያስፈራም። ሐኪሙ ትንሽ መስተዋት ወደ ጉሮሮ አስገብቶ «አ» በሉ ይላል፤ እጥፋቶቹም ሲከፈቱና ሲገጥሙ ያያቸዋል።