ወንበሩ የማን ነው?
የአንድ ሠራተኛ ሠፈር የውክልና ትግልና ትምህርቱ

የሕዝብ ውክልና ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ ወደ ኅሊና የሚመጣው የምርጫው ዕለት፣ የድምፅ መስጫው ሣጥንና የተመራጩ ስም ነው። ይሁን እንጂ ሠርቶ አደሩ ሕዝብ በሚኖርበት ሠፈር ውስጥ ውክልና ከምርጫው ዕለት ብዙ ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ከምርጫውም ዕለት ብዙ ዘልቆ ይቀጥላል። መራጩን ማን ይመዘግበዋል? የምርጫውን ክልል ድንበር ማን ያሰምረዋል? ተመራጩንስ ከተመረጠ በኋላ ማን ይቆጣጠረዋል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ የቀሩ እንደሆነ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረው የመምረጥ መብት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከመሆን አያልፍም።

ለዚህ እውነታ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነን በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚገኘው የቦይል ሃይትስ ሠፈር ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከወንዙ ማዶ

ቦይል ሃይትስ ከከተማው ማዕከል በስተምሥራቅ፣ ከሎስ አንጀለስ ወንዝ ማዶ የተቆረቆረ የሠራተኞች ሠፈር ነው። ዛሬ ነዋሪው በአብዛኛው ከሜክሲኮና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች የመጣ ወይም ከዚያ የሚወለድ ሕዝብ ነው፤ በአሜሪካ ይህ ሕዝብ ላቲኖ እየተባለ ይጠራል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ግን ሜክሲኮአውያን፣ አይሁዶች፣ ጃፓናውያንና ከሩሲያ የተሰደዱ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይኖሩበት ነበር። ይህ ጉርብትና በአጋጣሚ የተፈጠረ አልነበረም። በሌሎች የከተማው ሠፈሮች የነበሩት የቤት ሽያጭ ውሎች ነጭ ላልሆነ ሰው፣ በአንዳንድ ቦታም ለአይሁድ፣ ቤት መሸጥንም ሆነ ማከራየትን ይከለክሉ ስለነበረ፣ በሌላው ሠፈር በሩ የተዘጋበት ሁሉ እዚህ ተሰበሰበ።

የሠፈሩ ነዋሪ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች፣ በብረታ ብረት ሥራና በባቡር ሐዲድ ተሠማርቶ ለከተማይቱ ዕድገት ላቡን ያፈሰሰ ሕዝብ ነበር። ሆኖም ዐሥራ አምስት ወንበሮች ባሉት የከተማው ምክር ቤት ውስጥ ከ1880ዎቹ አንሥቶ እስከ 1949 ድረስ አንድም የሜክሲኮ ተወላጅ አልተቀመጠም። የመንገድ መብራት፣ የእግረኛ መንገድ፣ የጤና ጣቢያና የፖሊስ ሥነ ሥርዓት ጉዳይ የሚወሰነው ግን በዚያው ምክር ቤት ነበር።

ከሽንፈት የተወለደ ድርጅት

በ1947 ኤድዋርድ ሮይባል የተባሉ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ማኅበር የጤና አስተማሪ ለዘጠነኛው ክልል ወንበር ተወዳድረው ተሸነፉ። የሠፈሩ ታሪክ መለወጥ የጀመረው ከዚህ ሽንፈት በኋላ ነው። ደጋፊዎቻቸው ወደየቤታቸው በመበተን ፈንታ ያጡት ምን እንደሆነ መረመሩ። ያገኙትም መልስ ግልጽ ነበር። ዕጩ አልጎደለም፤ የጎደለው የተመዘገበ መራጭ ነበር።

በዚያው ዓመት የማኅበረሰብ አገልግሎት ድርጅት የተሰኘውን ማኅበር አቋቋሙ። ፍሬድ ሮስ የተባሉ የማደራጀት ሥራ ባለሙያም ተባበሯቸው። የአሠራሩ ስልት ውስብስብ አልነበረም። አንድ ቤተሰብ ጎረቤቶቹን ወደ ቤቱ ይጠራል፤ ስለ ሠፈሩ ችግር ይወያያሉ፤ ከተጠሩት መካከል አንዱ ደግሞ በተራው የራሱን ጎረቤቶች ይጠራል። የብረታ ብረትና የልብስ ስፌት ሠራተኞች የማኅበሩ ምሰሶ ሆኑ። አባላቱ የመራጭ መዝጋቢነት ሥልጣን ከአስተዳደሩ ተቀብለው ቤት ለቤት በመዞር፣ በስፓኝ ቋንቋ እያስረዱ፣ ወደ 15,000 የሚጠጉ አዲስ መራጮችን መዘገቡ።

በ1949 ሮይባል በድጋሚ ተወዳድረው በወንበሩ ላይ የነበሩትን ሰው በሰፊ የድምፅ ልዩነት አሸነፉ። ከዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ዐቢይ ነጥብ አለ። በዘጠነኛው ክልል የሜክሲኮ ተወላጆች ብቻቸውን ለማሸነፍ የሚበቃ ቁጥር አልነበራቸውም። ድሉ የተገኘው የአይሁድ፣ የጥቁርና የጃፓን ተወላጅ ጎረቤቶችና የሠራተኛ ማኅበራት አብረው ስለቆሙ ነው።

ወንበሩም ሥራ ሠራ። በ1950 ምክር ቤቱ ኮሚኒስት የሆነ ሁሉ ስሙን በፖሊስ እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ ደንብ ሲያጸድቅ፣ የተቃውሞ ድምፅ የሰጡት ሮይባል ብቻ ነበሩ። በ1951 የገና ሌሊት ፖሊሶች በቁጥጥራቸው ሥር የነበሩ ሰባት ወጣቶችን፣ ከእነርሱም አምስቱ የሜክሲኮ ተወላጆች ነበሩ፣ ክፉኛ በደበደቡ ጊዜ ማኅበሩና ተወካዩ ጉዳዩ ተዳፍኖ እንዳይቀር ተሟገቱ። ስምንት ፖሊሶች ተከሰው አምስቱ ጥፋተኛ ተባሉ። ያለ ድርጅት አቤቱታው ከጣቢያው ደጃፍ ባላለፈ ነበር።

የአንድ ወንበር ወሰን

ይህ ማለት ግን አንድ ወንበር ሁሉን ቻይ ነበር ማለት አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቦይል ሃይትስ ላይ የፈጣን አውራ ጎዳናዎች መረብ ተዘረጋበት፤ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ የሆለንቤክ መናፈሻ እንኳ ከፊሉ ተቆርሶ መኪናዎች በኩሬው ጠርዝ ላይ ያልፉ ጀመር። የጎዳናውን መሥመር የሚወስነው የክፍለ ግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ስለነበረ፣ የሠፈሩ ተወካይ በከተማው ምክር ቤት ያሰሙት ተቃውሞ ሊያቆመው አልቻለም። ውክልና ውሳኔው ከሚሰጥበት ቦታ ካልደረሰ ጩኸት ሆኖ ይቀራል።

በ1962 ሮይባል ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጡ። በለቀቁት ወንበር ላይ ምክር ቤቱ በ1963 ጊልበርት ሊንድሴይን ሾመ። ሊንድሴይ በምክር ቤቱ የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ በመሆናቸው፣ ይህ ለሌላው ጭቁን ሕዝብ ድል ነበር። ይሁንና ከዚያ ወዲህ እስከ 1985 መጨረሻ ድረስ በምክር ቤቱ ውስጥ አንድም ላቲኖ አልነበረም። በ1980 የሕዝብ ቆጠራ ከከተማው ነዋሪ ከአራት ሰው አንዱ በላይ ላቲኖ ሆኖ ሳለ፣ የወንበሩ ቁጥር ዜሮ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

በካርታ ላይ የሚሠራ ግፍ

መልሱ የሚገኘው በምርጫ ክልሎች አከላለል ላይ ነው። የአንድን ሕዝብ ድምፅ ለማዳከም የድምፅ መስጫውን ሣጥን መስበር አያስፈልግም። ተያይዞ የሚኖረውን ሕዝብ በእርሳስ ከሁለትና ከሦስት ቆራርጦ በየክልሉ ንዑስ ቁጥር ማድረግ ይበቃል። ወይም ደግሞ በተቃራኒው ሁሉን በአንድ ክልል አጭቆ፣ በሌሎቹ ክልሎች ድምፅ እንዳይኖረው ማድረግ ይቻላል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ በወንበሩ ላይ ያሉት ሰዎች ራሳቸው በመሆናቸው፣ መራጩ ተመራጩን መምረጡ ቀርቶ ተመራጩ መራጩን ይመርጣል።

በ1985 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የሎስ አንጀለስን ከተማ በዚሁ ጉዳይ ከሰሰ። ከተማው ካርታውን አሻሽሎ ከተስማማ በኋላ፣ በ1987 ግሎሪያ ሞሊና በአዲሱ ክልል ተመረጡ። ከዚህ የከበደው ፍልሚያ ግን የካውንቲውን፣ ማለትም ከተማውንና አካባቢውን አጠቃሎ የሚያስተዳድረውን የአምስት ሰዎች ቦርድ የሚመለከተው ነበር። በ1990 ፌዴራል ፍርድ ቤት ጋርዛ በተሰኘው ክስ በሰጠው ውሳኔ፣ የቦርዱ አባላት የራሳቸውን ወንበር ለመጠበቅ ሲሉ የላቲኖውን ሕዝብ ሆነ ብለው ከፋፍለውታል አለ። ካርታው እንደገና ተሠርቶ በ1991 ሞሊና ለቦርዱ ተመረጡ፤ ከ1875 ወዲህ በቦርዱ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ላቲኖ ሆኑ።

በዚሁ ክርክር የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አንድ ታላቅ መርሕ አጸና። ክልሎች ሲካለሉ የሚቆጠረው የመምረጥ መብት ያለው ዜጋ ብቻ ሳይሆን ነዋሪው ሁሉ ሊሆን ይችላል አለ። በሠራተኛ ሠፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዜግነት ያላገኘው የልብስ ሰፊ፣ ዕድሜው ያልደረሰው ሕፃን ድምፅ ባይሰጡም ውኃ ይጠጣሉ፣ መንገድ ይሄዳሉ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ይሻሉ፤ ስለዚህም ተወካይ ሊኖራቸው ይገባል።

ነጭ ሻሽ ያሰሩት እናቶች

ፍርድ ቤት ካርታ ያቃናል እንጂ ሕዝብ አያደራጅም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የካሊፎርኒያ አስተዳደር በቦይል ሃይትስ አጠገብ ወኅኒ ቤት ለመሥራት ባቀደ ጊዜ፣ የሠፈሩ ሴቶች የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ እናቶች በሚል ስም ተሰባሰቡ። ስብሰባቸው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ትጥቃቸው በራሳቸው ላይ ያሰሩት ነጭ ሻሽ ነበር። በ1986 በጋ በየሳምንቱ በኦሊምፒክ ጎዳና ድልድይ ላይ ተሰለፉ። ብዙዎቹ ቀድሞ በአደባባይ ተናግረው የማያውቁ የቤት እመቤቶች ነበሩ። ከዓመታት ትግል በኋላ በ1992 የወኅኒ ቤቱ ዕቅድ በሕግ ተሠረዘ። ይህን ድል ያስገኘው ሕዝቡ ከተወካዮቹ ጋር፣ አስፈላጊም ሲሆን ከተወካዮቹ ቀድሞ መገኘቱ ነው።

ወንበሩ ተገኝቶ ሕዝቡ ሲጠፋ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ከትግሉ ሁሉ መራራው ትምህርት የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ከ2005 እስከ 2020 ቦይል ሃይትስን የሚያጠቃልለውን የዐሥራ አራተኛውን ክልል ወንበር የያዘው ሆዜ ዊዛር በሜክሲኮ ተወልዶ በዚያው ሠፈር ያደገ ሰው ነበር። ቋንቋው የሠፈሩ ቋንቋ፣ ስሙም የሠፈሩ ስም ነበር። ሆኖም ከሕንፃ ገንቢ ባለሀብቶች ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉቦና ልዩ ልዩ ጥቅም በመቀበል ወንጀል ተከሶ፣ በ2023 ጥፋቱን አመነ፤ በ2024 የ13 ዓመት እሥራት ተፈረደበት።

በ2022 ደግሞ ሦስት የላቲኖ የምክር ቤት አባላትና የካውንቲው የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ሊቀ መንበር ከአንድ ዓመት በፊት በዝግ ተሰብስበው ስለ ክልሎች አከላለል ሲነጋገሩ የተቀዳ ድምፅ ይፋ ወጣ። ንግግሩ ጥቁሮችንና ከሜክሲኮ ኦአሃካ የመጡ ነባር ሕዝቦችን የሚያዋርድ ነበር። ቦታውም የፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ነበር። ትናንት በካርታ የተቆራረጠው ሕዝብ ተወካዮች፣ ዛሬ በተራቸው እርሳሱን ጨብጠው በጎረቤት ላይ ሲሰነዝሩ ተሰሙ። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንትና የፌዴሬሽኑ ሊቀ መንበር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የዐሥራ አራተኛው ክልል ተወካይ ኬቪን ደ ሌዎን አልለቅም ቢሉም በኅዳር 2024 በመራጩ ድምፅ ተሸነፉ። ያሸነፏቸው ኢሳቤል ጁራዶ የፊሊፒንስ ስደተኞች ልጅና የተከራዮች ጠበቃ ናቸው። በዚያው ምርጫ የከተማው ሕዝብ የክልሎችን አከላለል ከምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ ለገለልተኛ ኮሚሽን ሰጠ፤ የካውንቲውም ቦርድ ከአምስት ወደ ዘጠኝ አባላት እንዲያድግ ተወሰነ።

ከዚህ ሁሉ የምንገነዘበው ምንድን ነው? ራሱን የሚመስል ሰው በሥልጣን ላይ ማየት የሕዝብ ተገቢ ፍላጎት ነው፤ ለሰባ ዓመታት ያህል ወንበር የተነፈገ ሕዝብ ይህን ቢሻ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። መምሰል ግን መወከል አይደለም። በ1949 ድል ያደረገው ሠፈር ዘርና ቋንቋ ሳይለያየው መራጩን በየቤቱ እየሄደ የመዘገበው፣ ከምርጫውም በኋላ በየሳምንቱ የተሰበሰበው ሠፈር ነው። በ2020 ተወካዩ በካቴና ሲታሠር ያየውም ያው ሠፈር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተመራጩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የመራጩም ንቃት ነው።

ስለዚህ የሠፈር ማኅበር አባል ሁሉ፣ ሠራተኛውም በያለበት፣ ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄ «ማን ተመረጠ?» የሚለው ብቻ አይደለም። የጎረቤቴ ስም በመዝገብ ላይ ሰፍሯልን? ድንበሩ ሲሰመር ማኅበራችን በአዳራሹ ነበረን? የመረጥነው ሰውስ ባለፈው ወር መጥቶ ሒሳቡን አስረድቷልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሠፈር ወንበሩ የራሱ ነው።