የመሣሪያው ዕድሜና የሰውየው ዕድሜ

የሰው ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ፥ በአንድ ቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲሠራ ከባለቤቱ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ብንተኛም ብንነቃም ሥራውን አያቋርጥም። ለመምታት የሚያስፈልገውም ትእዛዝ ከራሱ ከልብ ይመነጫል። በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው የልብ ክፍል ጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል ይነሣና እንደ ስልክ መልእክት ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይወርዳል። በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት ይህ መንገድ ሲቋረጥ፥ የታችኞቹ ክፍሎች በራሳቸው ዐቅም በጣም በዝግታ ይመታሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ቀጥ ይላሉ። ያን ጊዜ በሽተኛው ደም ወደ አንጎሉ ስለማይደርስለት በቆመበት ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ ከመፈልሰፉ በፊት፥ እንዲህ እያደረገ ከሚጥላቸው በሽተኞች ግማሽ ያህሉ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ያሰብነው፥ ይህ መሣሪያ በደረቱ የተተከለለት ሰው ምን ያህል ዘመን ሊኖር ይችላል የሚለውን ጥያቄ ነው። ለዚህም ከመጀመሪያው ሰው ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1958 ዓ.ም. አርነ ላርሶን የሚባል የ43 ዓመት ስዊድናዊ በስቶክሆልም ከተማ በካሮሊንስካ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ልቡ በቀን ከ20 እስከ 30 ጊዜ እየቆመ ይጥለው ስለ ነበር፥ የሚተርፍ አይመስልም ነበር። ባለቤቱ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግና መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት በሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ እየሞከሩ መሆናቸውን ሰምታ ትወተውታቸው ጀመር። እነርሱም ለሰው የሚሆን መሣሪያ ገና እንዳልተዘጋጀ ቢነግሯትም፥ እንግዲያውስ አዘጋጁ ብላ ያዘቻቸው። ኤልምክቪስት መሣሪያውን ሠርቶ፥ የጫማ ቀለም ቆርቆሮን እንደ ቅርጽ ማውጫ አድርጎ በሙጫ መሰል ነገር ሸፈነው። በኦክቶበር 8 ቀን፥ ሴኒንግ በላርሶን ሰውነት ውስጥ ቀበረው።

ያ መሣሪያ የሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ሁለተኛው ተተካ፤ እርሱም ብዙ አልቆየም። ሆኖም በሽተኛው አልሞተም፤ ሐኪሞቹም ሥራውን አልተዉም። ላርሶን በዕድሜው ዘመን 26 መሣሪያዎች ተቀያይረውለት፥ በዲሴምበር 2001 ዓ.ም. በ86 ዓመቱ ዐረፈ። የገደለውም የቆዳ ካንሰር እንጂ የልብ ሕመም አይደለም። መሣሪያውን የሠራለት ኤልምክቪስት በ1996 ዓ.ም.፥ ቀዶ የተከለለትም ሴኒንግ በ2000 ዓ.ም. ቀድመውት አልፈዋል። ልብ ብለን ብንቈጥር፥ ከመሣሪያው በፊት 43 ዓመት፥ ከመሣሪያውም በኋላ 43 ዓመት ኖረ።

እንግዲህ የመሣሪያው ዕድሜ ሌላ፥ የሰውየው ዕድሜ ሌላ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በ1960ዎቹ ዓመቶች የነበሩት የሜርኩሪ ባትሪዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ቢቆዩ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊልሰን ግሬትባች ለዚህ አገልግሎት እንዲስማማ ያደረገው የሊቲየም ባትሪ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በሰው ላይ ከዋለ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። የዛሬዎቹ እንደ አሠራራቸውና እንደ ሥራቸው ብዛት ብዙዎቹ ከ8 እስከ 12 ዓመት ያገለግላሉ። ከዚህም በላይ የልብን ምት ስለሚያዳምጡ፥ ልብ ራሱ ሲመታ ዝም ይላሉ፤ ሲዘገይ ብቻ ይቀሰቅሱታል።

በኔዘርላንድ አገር ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለላቸውን ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች ሐኪሞች ተከታትለው ነበር። ከመቶው 93ቱ አንድ ዓመት፥ 69ኙ አምስት ዓመት፥ 61ዱ ደግሞ ሰባት ዓመት ኖረዋል። ይህ ቍጥር ያነሰ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ አብዛኞቹ በሽተኞች የሸመገሉ መሆናቸውን ያስብ። ሌላ የልብና የደም ሥር ሕመም ያልነበረባቸው ግን ከዕድሜ እኩዮቻቸው ያላነሰ ኖረዋል። ስለዚህ የሰውየውን ዘመን የሚወስነው በአመዛኙ ከመሣሪያው ይልቅ የቀረው አካሉ ጤንነት ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ጠባቂ ይፈልጋል። ሽቦው ሊሰበር፥ የተቀበረበት ቦታ ሊያመረቅዝ፥ ባትሪውም ሊያልቅ ይችላል። በየጊዜው የሚመረመር በሽተኛ ባትሪው ከማለቁ አስቀድሞ ስለሚታወቅለት በቀላል ቀዶ ጥገና ይለወጥለታል፤ ችላ የተባለው ግን ላርሶን ከዳነበት አደጋ ላይ ተመልሶ ይወድቃል። መትከሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መከታተሉ የዕድሜ ልክ ነው። ነገ በየሆስፒታሉና በየመሥሪያ ቤቱ ኀላፊነት የሚቀበሉ ወጣቶቻችን፥ አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ከዋጋው ጋር ይህንንም ክትትል አብረው እንዲያስቡ ያስፈልጋል። ላርሶንን 43 ዓመት ያኖረው በጥቂት ሰዓት የተበላሸው የመጀመሪያው መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ሳይሰለቹ 25 ጊዜ የለወጡለት እጆች ናቸው።