ያውቁ ኖሯል? የፖርቱጋልኛ «የእኔ» እና ጭረቶቹ

● ይህ ዓምድ በብራዚል ቢታተም ርዕሱ «ቮሴ ሳቢያ?» ይሆን ነበር። «ሳቢያ» ያለ ጭረት ሲጻፍ ድምፅ የሚበረታው «ቢ» ላይ ነው፤ ፍቺውም «ያውቁ ነበር» ነው። ጭረቷ «ሳ» ላይ ከተቀመጠች «ብልኋ» ማለት ይሆናል። «ያ» ላይ ስታርፍ ደግሞ ወፍ ናት! ከዘመዶቿ መካከል ሆደ ብርቱካናማዋ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2002 የብራዚል ብሔራዊ ወፍ ተብላለች።

● እኛ «ቤቱ» ወይም «ቤቷ» ስንል የምናየው የባለቤቱን ጾታ ነው፤ ፖርቱጋልኛ ግን የሚያየው ንብረቱን ነው። «ካዛ» (ቤት) አንስታይ ስለሆነች ጢማሙ አባወራም «ሚኛ ካዛ» ይላል። «ሊቭሩ» (መጽሐፍ) ተባዕታይ ነውና እማወራዋም «ሜው ሊቭሩ» ትላለች። መጻሕፍቱ ሲበዙ «የእኔ» ራሱ አብሮ ይበዛል፦ «ሜውስ ሊቭሩስ»።

● ጣጣው የሚመጣው «ሱዋ ካዛ» ሲባል ነው። ቤቱ የእሱ፣ የእሷ፣ የእነሱ ወይም የእርስዎ ሊሆን ይችላል። ለሐሜት የማይመች ቋንቋ! ስለዚህ ብራዚላውያን በንግግር «ሱዋ»ን ባብዛኛው ለአድማጩ ይተዉና ለሌላው ሰው «ካዛ ዴሊ» (የእሱ ቤት)፣ «ካዛ ዴላ» (የእሷ ቤት) ይላሉ። እዚህ ላይ እንደኛው ባለቤቱን ማየት ይጀምራሉ። ጀማሪ ይህችን ቀድሞ ቢይዝ ብዙ ድካም ይቀንስለታል ባይ ነኝ።

● ምስጋና ደግሞ ሌላ ሕግ አለው፤ የሚከተለው ተናጋሪውን ነው። ወንድ ለማንም «ኦብሪጋዱ»፣ ሴት ለማንም «ኦብሪጋዳ»።

● «እጄን ታጠብኩ» ለማለት «የእኔ» አያስፈልግም፤ «እጆቹን ታጠብኩ» ይበቃል። የማን እጅ ተብሎ አይጠየቅም።

● ወንድ አያትና ሴት አያት የሚለዩት በአንዲት ምልክት ብቻ ነው። ፊደላችን ሁለቱንም «አቮ» ከማለት ሌላ አማራጭ የለውም። የወንዱ መጨረሻ ቆብ ይደፋል፤ አፍም ጠበብ ይላል። የሴቷ ላይ ወደ ፊት ያዘነበለች ጭረት ትቆማለች፤ አፍም ከፈት ይላል። ሁለቱን አያቶች አንድ ላይ ስንጠራስ? የሚያሸንፈው የሴት አያት ድምፅ ነው።

● ወደ ኋላ ያዘነበለችው ጭረት የድምፅ ብርታት አታሳይም። ሁለት «አ»ዎች መዋሐዳቸውን ብቻ ትናገራለች። ብራዚላውያን ራሳቸው በሱቅ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ይሳሳቱባታል።

● ጅራት ያላት «ሲ» ቃል አትጀምርም።

● ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ጋር አገራችን ገብቶ ነበር። ስላየው ነገር የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ሲታተም ርዕሱ ላይ ያለው የ«ቄሱ ንጉሥ» ዮሐንስ ስም በ«ም» ፊደል ይጨርስ ነበር። ዛሬ ያው ስም ሲጻፍ «ም» የለችም፤ በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ የምታመለክተው «አ» ላይ የተጋደመች ሞገድ ናት።

● «አንቶኒዮ» በብራዚል ባለ ቆብ፣ በፖርቱጋል ባለ ጭረት ነው። እ.ኤ.አ. የ1990ው የአጻጻፍ ስምምነት ሁለቱንም ትክክል ብሎ አልፏቸዋል። ያው ስምምነት በ«ኡ» ራስ ላይ ይደረጉ የነበሩትን ሁለት ነጥቦች ሰረዘ፤ ብራዚልም ከ2009 ጀምሮ ተግባራዊ አደረገችው። የውጭ አገር ስሞች ግን ምሕረት አግኝተዋል፤ የሞዴሏ ጂዜሊ ቡንድሸን ሁለት ነጥቦች ዛሬም አሉ።