ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች በምን ይለያሉ?

ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የሚባሉት ዋና ሥራቸው በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን መውጋት ሳይሆን፣ ሌሎቹ ተከላካይ ሴሎች የገዛ አካልን እንዳያጠቁ መግታት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከሌሎች ቲ ሴሎች የሚለያቸው መልክ ስለሌላቸው፣ ባለሙያ የሚያውቃቸው በላያቸውና በውስጣቸው በሚገኙ ፕሮቲኖች ነው።

ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በኤችአይቪ ሕክምና ስሙ ከተለመደው ከሲዲ4 ጋር ሲዲ25 የተባለውን ፕሮቲን አብዝተው የሚይዙት ሴሎች ተለይተው ሲወጡ፣ ቀሪዎቹ የተሰጧቸው ቲ ሴል አልባ አይጦች የገዛ አካላቸውን በሚያጠቃ ሕመም እንደሚያዙ አሳዩ። ይሁን እንጂ ማንኛውም ቲ ሴል ለውጊያ ሲነሣሣ ሲዲ25ን ስለሚያወጣ፣ ምልክቱ ብቻውን ያሳስታል። በ2001 ሜሪ ብራንኮው እና ፍሬድ ራምስዴል ስከርፊ በተባሉ ሕመምተኛ አይጦች ውስጥ የተበላሸውን ፎክስፒ3 የተባለ ዘረ መል አገኙ፤ ዘረ መሉ የእነዚህን ሴሎች እድገት የሚመራ መሆኑም በ2003 ታወቀ። ሦስቱ ተመራማሪዎች በ2025 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ፎክስፒ3ን እንደ መለያ ለመጠቀም ችግሩ ፕሮቲኑ ያለው በሴሉ አስኳል ውስጥ መሆኑ ነው፤ እሱን ለማቅለም ሴሉ በኬሚካል ተበስቶ መሞት አለበት፣ የሞተ ሴል ደግሞ ለሕክምና አይሆንም። ስለዚህ ሴሎቹን በሕይወት ለመለየት ሲዲ127 የተባለው የላይ ፕሮቲን ማነስ ይታያል። ደሙ ቀለም ከተያያዘባቸው አንቲቦዲዎች ጋር ተቀላቅሎ ፍሎው ሳይቶሜትር በሚባለው መሣሪያ ሲያልፍ፣ ሴሎቹ አንድ በአንድ በሌዘር ጨረር ፊት ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱም በስክሪን ላይ ነጥብ ሆኖ ሲታይ፣ ሲዲ25 የበዛባቸውና ሲዲ127 ያነሰባቸው በአንድ ጥግ ይሰበሰባሉ።

የትውልድ ቦታን መለየት ከዚህ ይከብዳል። ከፊሎቹ ከልብ በላይ ባለው ታይመስ እጢ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሆነው ሲያድጉ፣ ሌሎቹ እንደ አንጀት ባለ ቦታ ከተራ ቲ ሴል ይለወጣሉ። ሄሊዮስ የተባለው ፕሮቲን የታይመሶቹ መለያ ተደርጎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በሌሎቹም ላይ ስለተገኘ፣ በእሱ ብቻ መፍረድ ችኮላ ነው።

ቲአር1 የሚባሉት ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ደግሞ ኢንተርሊውኪን 10 የተባለውን አረጋጊ መልእክት በብዛት እያመነጩ ሌሎችን ይገታሉ እንጂ ፎክስፒ3ን በቋሚነት አይዙም፤ በመሆኑም ፎክስፒ3ን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ከቁጥር ያወጣቸዋል።