ይጠገን ወይስ ይሸጥ? የአሮጌ መኪና ባለቤት ሒሳብ በጋምቤላ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይልቅ ለጋራዥ ደጃፍ የሚስማማ ይመስላል። ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ መኪና ሲበላሽ ባለቤቱ ያስጠግነው ወይስ ይሽጠው? ይሁን እንጂ በአገራችን መኪና ላለው ቤተሰብ መኪናው ከቤት ቀጥሎ፣ ብዙ ጊዜም በቤት ፋንታ፣ ትልቁ ንብረት ነው። በእሱ ላይ የሚወሰን አንድ የተሳሳተ ውሳኔ የብዙ ዓመታት ቁጠባን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ጥያቄው የምጣኔ ሀብት፣ የምሕንድስና፣ የሕግና የሥነ ምግባር ጥያቄ ነውና በሥርዓት ልንመረምረው ይገባል።

በቅድሚያ የተለመደውን መመሪያ እንመልከት። በብዙ አገሮች «የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ሽጠው» የሚል የአፍ ልማድ አለ። ይህ መመሪያ በሁለት ግምቶች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፣ መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይቀንሳል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ባለቤቱ አሮጌውን ሸጦ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ መኪና በቀላሉ ያገኛል የሚል ነው። በእኛ አገር ሁለቱም ግምቶች አይጸኑም፤ ምክንያቶቹም በቅርብ ዓመታት የተፈጸሙና በቀን ሊጠቀሱ የሚችሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ምክንያት ታክስ ነው። የቀድሞው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ በዋናነት የሞተርን መጠን ይመለከት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ግን የመኪናውን ዕድሜም ከሒሳብ አስገባ፤ ዕድሜያቸው ለገፋ መኪኖች ታክሱ እስከ 500 በመቶ ከፍ አለ። ሁለተኛው የመንግሥት የትራንስፖርት ፖሊሲ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እነዚህ ሦስቱ ሲደራረቡ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ የቤንዚን መኪና ተተኪ የሌለው ዕቃ ሆነ፤ በብር ሲለካም ዋጋው በመቀነስ ፋንታ ሲጨምር ታየ።

ከዚህ በመነሣት ብዙ ሰው «መኪና አይከስርም፤ ያለኝን ልያዝ» ይላል። ድምዳሜው ግን የተቻኮለ ነው። በብር የጨመረው ዋጋ እውነተኛ ትርፍ የሚሆነው ባለቤቱ ሌላ መኪና የማይገዛ ከሆነ ብቻ ነው። ሌላ የሚገዛ ከሆነ ያም ተወድዶ ይጠብቀዋል። በተጨማሪም የመለዋወጫ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነውና ምንዛሪው የመኪናውን ዋጋ ከፍ ሲያደርግ የጥገናውንም ዋጋ አብሮ ያነሣል። ስለሆነም ጥያቄው «መኪናዬ ስንት ያወጣል?» የሚል ሊሆን አይገባም። «ከዛሬ ጀምሮ የማወጣው እያንዳንዱ ብር በየትኛው መንገድ የበለጠ አገልግሎት ይሰጠኛል?» የሚል ሊሆን ይገባል።

«ከዛሬ ጀምሮ» የሚለውን ሐረግ አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። «ባለፈው ዓመት ካምቢዮውን አሠርቼ፣ አራት ጎማ ቀይሬ አሁን እንዴት እሸጠዋለሁ?» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ቀድሞ የወጣና የማይመለስ ገንዘብ ስላለ ብቻ በማይጠቅም ነገር ላይ መጽናት እንደሚቀናቸው አሳይተዋል። አባቶቻችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለው በአጭሩ ጨርሰውታል። ባለፈው ዓመት የወጣው ገንዘብ ዋጋ የሚኖረው ዛሬ በመኪናው ላይ በሚታየው ጤንነት ወይም በመሸጫው ዋጋ ልክ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ከሒሳቡ ይውጣ።

ሳይንሱ ምን ይላል? ድሪንክወተርና ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ1967 በሠራዊት ተሽከርካሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት «የጥገና ጣሪያ» የሚባለውን ሐሳብ አቅርበዋል። ተሽከርካሪው በተበላሸ ቁጥር ወጪው አስቀድሞ ይገመታል፤ ግምቱ ለዚያ ዕድሜ ከተወሰነው ጣሪያ በታች ከሆነ ይጠገናል፤ ካለፈ ይወገዳል። ጆን ረስት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ታዋቂ ጥናታቸው፣ በአሜሪካ ማዲሰን ከተማ የአውቶቡስ ጥገና ኃላፊ የነበሩት ሃሮልድ ዙርቸር የአውቶቡስ ሞተር መቼ እንደሚቀይሩ መረመሩ። የኃላፊው ውሳኔ የሁለት ነገሮች ሚዛን ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ ወገን ሞተር የመቀየር ወጪ፣ በሌላ ወገን ከኪሎ ሜትሩ ጋር እየጨመረ የሚሄደው የመጠቀሚያ ወጪ። ከኋለኛው ውስጥ መኪናው ሳይታሰብ መንገድ ላይ ሲቆም የሚደርሰው ኪሳራ ይገኝበታል።

ይህን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። አንድ መኪና ባለበት ሁኔታ ቢሸጥ 900,000 ብር ያወጣል እንበል። ሞተሩ ወርዶ ይሠራ ቢባል 250,000 ብር ይጠይቃል። ከተሠራ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ለልዩ ልዩ ጥገና 160,000 ብር ይወጣበትና በ1,000,000 ብር ይሸጣል። በመኪናውና በጥገናው የታሰረው 1,150,000 ብር ባንክ ቢቀመጥ በ7 በመቶ ወለድ በሁለት ዓመት 161,000 ብር ባስገኘ ነበር። እንግዲህ የሁለት ዓመቱ ወጪ 250,000 ሲደመር 160,000፣ ሲደመር 161,000፣ ከመሸጫ ዋጋው የተገኘው 100,000 ሲቀነስ 471,000 ብር ይሆናል።

በሌላ በኩል ባለቤቱ መኪናውን ሸጦ በ1,600,000 ብር የተሻለ ይግዛ። በሁለት ዓመት 60,000 ብር ለጥገና ያወጣል፤ በመጨረሻም በ1,450,000 ብር ይሸጠዋል። የደላላ፣ የስም ማዛወሪያና የቴምብር ወጪ 80,000፣ የቀረበት ወለድ ደግሞ 224,000 ብር ነው። ድምሩ 514,000 ብር ነው። በዚህ ሒሳብ መጠገኑ በ43,000 ብር ይሻላል።

አሁን አንድ ነገር እንጨምር። አሮጌው መኪና በሁለት ዓመት ውስጥ ከሌላው በ20 ቀን የበለጠ ጋራዥ ይቆማል እንበል። ባለቤቱ በመኪናው የሚተዳደርና በቀን 3,000 ብር የሚያስገባ ከሆነ 60,000 ብር ያጣል፤ የመጠገኑ ወጪ 531,000 ብር ይደርስና መሸጡ የሚሻል ይሆናል። መኪናውን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚነዳው ደመወዝተኛ ግን የመጀመሪያው መልስ እንደጸና ይቆያል። መኪናው አንድ ነው፤ ባለቤቶቹ ሁለት፣ ትክክለኛ መልሶቹም ሁለት ናቸው። ስለዚህ «ጎረቤቴ ሸጠ» ወይም «ወንድሜ አስጠገነ» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ጋምቤላ ስንመጣ በሒሳቡ ውስጥ የሚገቡ የአካባቢያችን ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ በ500 ሜትር አካባቢ የምትገኝ ቆላ ናት። የባትሪ ኬሚካላዊ እርጅና በሙቀት ይፈጥናል፤ የጎማ ቱቦዎችና ቺንጊያዎች ይደርቃሉ፤ በደጋ ሲነዳ ችግሩ ያልታወቀ ራዲያተር እዚህ ሲደርስ ይጋለጣል። ከአዲስ አበባ የተገዛ አሮጌ መኪና ጤንነቱ በአዲስ አበባ አየር የተመሰከረ ነውና የእኛን በጋ እንደሚችል አያረጋግጥም።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ካልተወረደ ፍሬን ይግላል፤ ያረጀ የፍሬን ዘይትም ሊፈላና ፔዳሉ ባዶውን ሊወርድ ይችላል። ሦስተኛው ርቀቱ ነው። የመለዋወጫ ዋናው ገበያ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፤ ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እዚህ የጠፋ አንድ ኩሽኔታ ከዚያ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል፤ የተሳሳተ ዕቃ ከመጣ ደግሞ ቀኑ ይታጠፋል። በመሆኑም በከተማችን ብዙ ባልንጀራ ያለው መኪና፣ ማለትም መካኒኩ የሚያውቀውና ዕቃው በየሱቁ የሚገኝ፣ ከእሱ ከሚሻል ግን ብቸኛ ከሆነ መኪና ይመረጣል።

አራተኛው ወቅቱ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መነሻነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ በተከፈተበት ዘመን፣ ከሱዳን የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ወደ ኢታንግ፣ ወደ ላሬና ወደ ጂካዎ ለሚሄድ መኪና የሥራው ወቅት በጋ ነው፤ ክረምት ግን ጭቃና ጎርፍ ነው። ውሃ በአየር ማስገቢያው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ውሃ አይታመቅምና ቢዬላ ያጣምማል፤ ቀላሉ ጥገና በአንድ ቀን ሞተር ማውረድ ይሆናል። ስለዚህ ውሳኔው ዝናቡ ሳይጀምር ቢያልቅ ይመረጣል፤ መኪናው ከቆመ በኋላ የሚሸጥ ሰው ዋጋውን የሚተምነው ራሱ ሳይሆን ችግሩ ነው።

«ታዲያ ኤሌክትሪክ ብንገዛስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከቤት ወደ ሥራ በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚመላለስና በቤቱ ቻርጅ ማድረግ ለሚችል ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ የዘይትና የቴስታታ ወጪ የለውምና። ነገር ግን የአዲስ አበባው ጉዞ በአንድ ሙሉ ቻርጅ የሚሸፈን አይደለም፤ የባትሪው ዕድሜም በሙቀት ይነካል። ስለሆነም ለእኛ ለብዙዎቻችን የአሮጌው መኪና ሁለተኛ እንጂ ምትክ ሊሆን አልቻለም።

አሁን ስለ መሸጥ። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙትና በ2001 ለኖቤል ሽልማት ባበቃቸው ሥራ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርገዋል። ሻጭ የመኪናውን ድብቅ በሽታ ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢ ሁሉንም ስለሚጠረጥር ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው አይሸጥም፤ በገበያው ውስጥ የታመመው ይበዛል። ከዚህ የምንማረው ተግባራዊ ነገር አለ። መኪናችሁ በእርግጥ ደኅና ከሆነ ገበያው ሙሉ ዋጋውን አይከፍላችሁም፤ ይህ ወደ ማቆየት ያደላል። ከሸጣችሁ ደግሞ የጥገና ደረሰኞችን ማስቀመጥ፣ ቦሎውን ማሳደስ፣ ገዢው በመረጠው መካኒክ እንዲያስመረምር መፍቀድ ጥርጣሬውን ስለሚቀንስ ገንዘብ ያስገኛል።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ መድን እንዲሆን ይደነግጋል። ከሕጉም በላይ የሥነ ምግባር ጉዳይ አለ። ጭስ የሚያወጣ ሞተር የገዢውን ኪስ ይጎዳል፤ የላላ መሪና የደከመ ፍሬን ግን ሰው ይገድላል። እዚህ የተሸጠ መኪና ነገ ሰው ጭኖ ያንን ቁልቁለት ይወርዳል። ስለዚህ ፍሬን፣ መሪና ጎማ በሒሳቡ ውስጥ አይገቡም፤ መኪናው ቢቆይም ቢሸጥም ይጠገናሉ፤ ካልሆነም ጉድለቱ በግልጽ ተነግሮና በውሉ ሰፍሮ መኪናው ተጭኖ ይወሰዳል እንጂ እየተነዳ አይሄድም።

በማጠቃለል አምስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንድትጠይቁ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ብልሽቱ የደኅንነት ነው ወይስ የምቾት? ሁለተኛ፣ ሁለት መካኒኮች ለየብቻቸው የሰጡት ግምት ስንት ነው? ሦስተኛ፣ መኪናው ዛሬ ባለበት ስንት፣ ከተጠገነስ ስንት ያወጣል? አራተኛ፣ በምትኩ የማገኘው ምንድን ነው፤ ያ መኪናስ እዚህ ከተማ መካኒክና ዕቃ አለው? አምስተኛ፣ መኪናው አንድ ቀን ሲቆም እኔና ቤተሰቤ ምን እናጣለን? የጥገና ጣሪያችሁን መኪናው ደኅና ሳለ በወረቀት ጻፉት፤ ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ ተፈትቶ ሳለ የሚወሰን ጣሪያ ከፍ ማለቱ አይቀርምና።

በክልላችን የአንድ ሰው መኪና የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በሌሊት ምጥ የያዛት የጎረቤት ሴት ስትኖር የሚፈለገው እሱ ነው። ይህ አገልግሎት በብር ባይመዘንም አምስተኛው ጥያቄ ሲመለስ ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፍ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።