አሮጌ የቤተ ሰብ ስላይዶችን ወደ ዲጂታል ስለ መለወጥ

ተዘግቶ የሚኖር አሮጌ ሣጥን የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። በእኛም ቤት ከእማማ ሣጥን ግርጌ 36 ስላይዶች በጨርቅ ተጠቅልለው ኖረዋል። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ሥራቸውን በኢትዮጵያ ሲጀምሩ ወደ ሐረርም ተመድበው ነበር፤ ከነርሱ አንዱ በአያቶቼ ግቢ ተከራይቶ ሲኖር ያነሣቸውና ወደ አገሩ ሲመለስ ለማስታወሻ የተዋቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት እነዚህን ወደ ዲጂታል ስለ ለወጥኋቸው፤ የሥራውን አኳኋንና ያገኘሁበትን ትምህርት ለጓደኞቼ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ስላይድ ምንድር ነው? በወረቀት የታተመ ፎቶግራፍ አይደለም። ሥዕሉ በራሱ በፊልሙ ላይ የሚቀር ሲሆን፤ ብርሃን ከበስተኋላው ሲያልፍበት ብቻ ደኅና ሆኖ ይታያል። የተለመደው ስላይድ ወርዱ 36፤ ቁመቱ 24 ሚሊሜትር ሆኖ፤ በየማዕዘኑ 5 ሳንቲሜትር በሆነ የካርቶን ወይም የፕላስቲክ ክፈፍ ይያዛል። ስለዚህም የማሳያ መብራት የሌለን እኛ አንዱን በአንዱ ወደ መስኮት እያነሣን እናይ ነበር።

ፎቶግራፍ የሚደበዝዝ ነገር መሆኑን ከተማችን ቀድሞም ታውቃለች። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር በንግድ ሥራ ላይ ሳለ፤ በ1875 ዓ.ም. ራሱን ያነሣባቸውን ፎቶግራፎች ለቤተ ሰቡ ሲልክ፤ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለ ነበረ ሥዕሎቹ እንደ ነጡ በደብዳቤው ገልጿል። ስላይድም እንዲሁ ጠላት አለው። ብርሃን ቀለሙን ያነጣዋል፤ እርጥበት ሻጋታ ያበቅልበታል። ኮዳክሮም የተባለው ፊልም በጨለማ ሲቀመጥ ቀለሙን ለብዙ ዘመን ሲይዝ፤ ሌሎች ብዙ አሮጌ ፊልሞች ግን እየቀሉ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

አንደኛ፤ ስላይዱን በጠርዙ ይዞ አቧራውን በአየር መንፊያና በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው። በውሃ ማጠብ ወይም በጨርቅ መፈተግ ሥዕሉን ይጎዳል።

ሁለተኛ፤ የስካነሩ ነገር ነው። ተራ ስካነር ብርሃኑን ከሥር ብቻ ስለሚሰጥ ለስላይድ አይሆንም፤ በክዳኑ ውስጥ መብራት ያለበት ያስፈልጋል። በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ ቢነሣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ያለው ሥዕል ይገኛል፤ በ4000 ቢነሣ 21 ሚሊዮን ያህል ይደርሳል። አንዳንድ ስካነር አቧራን በራሱ የማጥፋት ዘዴ አለው፤ ይህ ዘዴ ግን ኮዳክሮምን ብዙ ጊዜ ስለሚያበላሽ መዝጋት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ሥዕሉን በቲፍ ዓይነት ማስቀመጥና ለመላኪያ የሚሆን አነስተኛ ቅጂ በጄፔግ ማውጣት ነው። ከዚያም ሦስት ቅጂ አድርጎ፤ አንዱን በሌላ ዘመድ ቤት ማኖር ይገባል። ዲስክ ይበላሻልና። ስላይዱ ራሱም አይጣልም።

ይህን ሁሉ ፈጽሜ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ሥዕሎቹን ለእማማ አሳየኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ የቤታችንን ደጃፍ የሚያሳይ ነበር። እማማ ጥቂት ተመልክተው፤

«ቤቱስ ቤታችን ነው። ነገር ግን ልጄ፤ ማድ ቤቱ በስተቀኝ ነበር እንጂ በስተግራ መቼ ነበረ?» አሉኝ።

ስላይዱን አውጥቼ ባየው ለካ በጀርባው አስቀምጬው ኖሯል። ሥዕሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ነበር። ስካነሩ ይህን አላወቀም፤ እኔም አላወቅሁም። ያወቁት እማማ ናቸው።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ስላይድ በቁጥር መዝግቤ፤ እማማ የነገሩኝን ስምና ቦታ ከጎኑ ጻፍሁ። በ22ኛው ላይ ስደርስ ግን ቆምን። አያቴ አባባ በጀጎል ግንብ ሥር ከአንድ ጎልማሳ ጋራ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሥቃሉ። እማማ ብዙ ካሰቡ በኋላ፤ «ይህንን የሚያውቀው አያትህ ነበር» አሉኝ። አባባ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። እኔም ስላይዶቹ መኖራቸውን እያወቅሁ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት አሳልፌ ነበር። በመዝገቤ ላይ ከ22 ቁጥር ጎን ያለው ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው።

በከተማችን የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየም ያያችሁ ታውቃላችሁ። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፎችንና የጥንት ዘፈን ቅጂዎችን ሰብስበው በመጀመሪያ ያኖሯቸው በገዛ ቤታቸው ነበር። የከተማ ታሪክ የሚጀምረው ከየቤቱ ሣጥን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ስካነር እስክታገኙ አትጠብቁ። ስካነሩ ለከርሞም ይገኛል። ዛሬ ማታ ሣጥኑን ክፈቱ፤ ስላይዱን ወደ መብራት አንሡና ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ «ይህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጻፉም።