የማይለቅ የእግር ጠረን፦ መንስኤውና መፍትሔው

ጫማ ማውለቅ በአገራችን የዘወትር ተግባር ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ስንገባ፣ ማታም በተማሪዎች ማደሪያ ወደ አልጋችን ስንወጣ ጫማችንን እናወልቃለን። ለአብዛኞቻችን ይህ ልብ የማንለው ድርጊት ሲሆን፣ እግሩ መጥፎ ጠረን ለሚያመጣ ወጣት ግን የዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው። ጓደኞቹ እግሩን እንዲታጠብ ይመክሩታል፤ እርሱ ግን ጠዋት ታጥቦ የወጣ ነው። ለመሆኑ ንጽሕናውን የሚጠብቅ ሰው እግር ስለ ምን ይሸታል?

ላብ ራሱ አይሸትም

ብዙዎች ጠረኑ የላብ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ከውስጥ እግር ገና የመነጨ ላብ አብዛኛው ውኃ ሲሆን፣ ከጥቂት ጨውና ከሌሎች አነስተኛ ንጥረ ነገሮች ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ጠረን የለውም ለማለት ይቻላል። ልዩ የሚያደርገው መጠኑ ነው። በውስጥ እግራችን በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በመቶዎች የሚቆጠሩ የላብ ዕጢዎች ይገኛሉ፤ ይህም ከጀርባ ቆዳ ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዕጢዎቹ ለሙቀት ብቻ ሳይሆን ለስሜትም ምላሽ ይሰጣሉ። በፈተና ሰዓት መዳፉን የሚያልበው ተማሪ ውስጥ እግሩንም ያልበዋል።

በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ የሚሄድ ሰው ላቡ ይተንለታል። በሸራ ወይም በፕላስቲክ ጫማ የታፈነ እግር ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ወፍራሙ የቆዳ ንብርብርም እየራሰ ይለሰልሳል። በዚህ ጊዜ ዋናዎቹ ተዋንያን ሥራቸውን ይጀምራሉ።

ጠረኑን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች

ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በላብ ውስጥ የሚገኘውን ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ በመሰባበር አይሶቫለሪክ አሲድ ያመነጫል። ይህ በቀላሉ የሚተን አሲድ የእግር ጠረን ዋነኛ ምክንያት መሆኑን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 አሳውቀዋል። ብሬቪባክቴሪየም የሚባሉት ደግሞ ከሞተ ቆዳ የሚያገኙትን ሜታዮኒን ወደ ድኝ አዘል ጋዝ ይለውጣሉ። የእነዚሁ ባክቴሪያዎች ዘመድ ሊምበርገር የተሰኘውን ጠረነ ብርቱ የአውሮፓ አይብ ለማብሰል ያገለግላል፤ ስለዚህ የእግርን ጠረን ከአይብ ጋር የሚያመሳስሉ ሰዎች አልተሳሳቱም።

እንግዲህ ለጠረኑ መፈጠር ባክቴሪያ፣ ምግብና እርጥበት ያስፈልጋሉ። ባክቴሪያውን ከቆዳችን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ እርጥበቱን መቆጣጠር ግን በእጃችን ነው።

ምን እናድርግ?

እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ተገቢ ነው፤ ከመታጠቡ ይልቅ የሚዘነጋው ግን ማድረቁ ነው። በተለይ በጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ በፎጣ አድርቀን ካልሲ እናጥልቅ። ካልሲ በየቀኑ፣ እግሩን ብዙ ለሚያልበው ሰው ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ ይለወጥ። አንድ ቀን ሙሉ የተደረገ ጫማ ቢያንስ 24 ሰዓት አየርና ፀሐይ ሊያገኝ ይገባል። ሁለተኛ ጫማ የሌለው ተማሪም ማታ ማታ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥቶ፣ ክሩን ፈትቶ ማናፈስ ይችላል።

ቤኪንግ ሶዳ በጫማ ውስጥ የመነስነስ ልማድም ኬሚስትሪያዊ መሠረት አለው፤ አሲዱን ወደማይተን ጨው ይለውጠዋል። ሆኖም ባክቴሪያው ሥራውን ስለማያቆም ጠረኑ ይመለሳል። ሽቶም ቢሆን ጠረኑን ከመሸፈን አያልፍም። ላቡ ከልክ በላይ ለሆነበት ሰው በሐኪም ምክር ማታ በደረቅ እግር ላይ የሚቀባ አሉሚኒየም ክሎራይድ የላብ ቱቦዎችን በጊዜያዊነት በመድፈን ይረዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጠረኑ ካልለቀቀ ውስጥ እግርን በብርሃን መመልከት ያሻል። ተረከዝና የፊተኛው መርገጫ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ከታዩ፣ ባክቴሪያዎች የላይኛውን ቆዳ እየበሉት ሊሆን ይችላል። ጉድጓዶቹ እግር ሲርስ ጎልተው ይታያሉ። ይህ በሽታ ሐኪም በሚያዘው የሚቀባ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይድናል። በጣቶች መካከል ማሳከክና መላላጥ ካለ ግን ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ይለያል። ስለዚህ በግምት ቅባት ከመግዛት በፊት መታየት ይሻላል።

የማይለቅ የእግር ጠረን ሁልጊዜ የስንፍና ምልክት አይደለም። ያንን ተማሪ ከማሽሟጠጥ ይልቅ ውስጥ እግሩን እንዲመለከት፣ ካስፈለገም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ብንነግረው ከሐፍረት እናድነዋለን።